ኬዲቦኔ የደበቀችው ሕመም

በቦትስዋናዋ ሴሮዌ ሰርግ ሲቃረብ የቤተሰቡ ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ያሰፋሉ። የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ ኬዲቦኔም ለአጎቷ ልጅ ሰርግ ልትለካ ቆማ ሳለ፣ ያሳደገቻት አክስቷ ማሴአቦ ልብስ ሰፊዋን፣ «ለእሷ ሜትሩ አይበቃሽም፤ ቀጥይበት» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኬዲቦኔም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን ተሸማቀቀ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ጠላቷ ሆነ። በሰው ፊት «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆን ራሷን መግታት እያቃታት ትበላና የበላችውን ትመልሰዋለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ክፍል ትገባና ልጆቹን ስለ ጤና ታስተምራለች። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት ይኸው ነበር። ቀጠን ስትል ደግሞ ዘመድ አዝማዱ አደነቃት፤ አድናቆቱ ይብሱን አፏን ዘጋው።

አንድ ጠዋት ተማሪዎቿ ፊት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጤና ጣቢያ የተቀበለቻት ነርስ ጋኦኔ በሩን ዘግታ በእርጋታ ስትጠይቃት፣ መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ነገረቻት። ነርሷም ይህ ሕመም እንጂ ነውር እንዳልሆነ፣ ሕክምናም እንዳለው አስረድታ ከሐኪምና ከአማካሪ ጋር አገናኘቻት።

አክስቷ ስትሰማ ተቆጣች። «የበሉትን መመለስ ጥጋብ ነው። እኛን በድርቁ ጊዜ ስንራብ ማን አማከረን?» አለቻት።

ሦስት ወር ደህና ከሰነበተች በኋላ አገረሸባት። ያን ጊዜ ራሷ ወደ ነርሷ ሄደች።

«እንደገና ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አይደለም፣ የኔ እህት። ያኔ ስትወድቂ ነው ያወቅንልሽ፤ ዛሬ በእግርሽ መጥተሽ ነገርሽኝ። መዳን የሚባለው እንዲህ ነው።»

ኬዲቦኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ ሰው አየች።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አክስቷን ለምና ይዛት ሄደች። ማሴአቦ የነርሷን ቃል ሰማችና ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቀች። ኬዲቦኔ የቀሚሱን ቀን ነገረቻት።

«ስቀሽ ነበር እኮ» አለች ማሴአቦ።

«ሁሉም ሲስቅ ምን ላድርግ፣ አክስቴ?»

ማሴአቦ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ቤት ሲደርሱም ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲያ በእሷ ደጅ «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» የሚል ሰው ካለ ወሬውን ሳይጨርስ ታስቆመዋለች።

ኬዲቦኔ ሕክምናዋን አላቋረጠችም። ክፉ ቀን ዛሬም ይመጣባታል፤ ግን አትደብቀውም። እኛም በሰው ገላ ላይ ከመቀለዳችን በፊት አብሮን የሚስቀውን ሰው ልብ እንበል። ይህን እያነበባችሁ በዚሁ ሕመም የምትሰቃዩ ካላችሁ ደግሞ፣ የሚያሳፍር ነገር አልሠራችሁምና ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።