እጅ ያሳደጋት የልብ እራፊ

ያን ዕለት ጠዋት ዶክተር ዘቢደር ጓንጉል ሥራዋን የጀመረችው እንደ ወትሮው ቆዳ በማጠብ ነበር። ቆዳው የሰው ነው፤ ከማንም ገላ ላይ ግን አልተገፈፈም። እሳት ላቃጠለው አንድ የሐረር ወጣት ከራሱ ሕዋሳት በትሪ ላይ ያደገለት፣ መሐረብ የሚያክል ስስ ቆዳ ነው። ዘቢደር ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ አለቀለቀችው፣ ገለበጠችውና ወደ ትሪው መለሰችው። አጠገቡ ሁለት ጆሮዎች በየሳህናቸው ተኝተዋል። ከትናንቱ ወፈር ብለዋል።

«ቶፊቅ! ምሳህን ከጆሮዎቹ አጠገብ አታስቀምጥ አላልኩህም?»

«አይሰሙም እኮ ዘቢ፣ ገና ናቸው» አለ ቶፊቅ ሳምቡሳውን እያነሳ።

ቶፊቅ የማዕከሉ የማሽን ባለሙያ ነው። ከዘቢደር ጋር ብዙ ዓመት አብረው ስለሠሩ፣ አገሩም ድሬዳዋ ስለሆነ፣ በመካከላቸው «አንቱ» የሚባል ነገር የለም።

ማዕከሉ ያለው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። አካሉ የጎደለ ሰው ከገዛ ሕዋሱ ምትክ የሚያድግለት እዚህ ነው። ሕዋሳት ግን እንዲሁ በባዶ ሜዳ አያድጉም፤ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። ለዚህም ከሐር ትል ክር የተሠራ፣ ዓይን የማያየው ረቂቅ መረብ ይዘረጋላቸዋል። ጭቃ ያለ ማገር ግድግዳ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሕዋስም ያለዚያ መረብ አካል አይሆንምና ሠራተኞቹ መረቡን «ማገር» ብለው ይጠሩታል። ሥጋው ሲጠና ማገሩ ቀስ በቀስ ሟምቶ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሰውየው ራሱ ነው።

ከክፍሉ መሐል ሠራተኞቹ «ጋን» የሚሉት ትልቅ የመስታወት ዕቃ ቆሟል። በውስጡ ያለውን ፈሳሽ «ወተት» ይሉታል፤ ቀለሙ ግን የጽጌረዳ ነው። በወተቱ ውስጥ መዳፍ የምታክል ቀይ ሥጋ ተወጥራ ትመታለች። ስሟ «እራፊ» ነው። የተቀደደ ልብስ እንደሚጣፍ፣ የደከመ የልብ ግድግዳ የሚጣፍባት እራፊ።

ይህችኛዋ የኢፍቱ ናት። ኢፍቱ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ልቧ አብጦ ደከመ። አሁን እላይኛው ፎቅ ተኝታለች። ልጇን ታቅፋ ትንሽ እንደቆየች ከንፈሯ ይጠቁርና ሕፃኑን ይወስዱባታል። በሌላ ሰው ልብ እንዳይተኩላት ደሟ የባዕድ ሥጋ አይቀበልም። ሌላ እራፊ እንደገና እንዳይጀመርላት ደግሞ ማሳደጉ ወራት ይፈጃል፤ ልቧ ወራት የለውም።

እራፊዎችን የሚያሳድገው ማሽን «መሪ» ይባላል። ወተቱን እየገፋ እራፊዋን ይወጥራታል፣ ይለቃታል፤ እንደገና ይወጥራታል። ነገ ልብ ላይ ለሚጠብቃት ሥራ ያለማምዳታል። የሠራችው ዘቢደር ናት። አንዱ ግፊት ከሌላው የፀጉር ያህል አይለይም። በዚህ ትኮራለች፤ የምትኮራበትም ነገር ነበር፤ ስንት ሰው በዚያ መሪ ቆሞ ሄዷል።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል። እራፊዎቹ ሲያዩዋቸው ያማሩ ቢሆኑም ድንጉጦች ናቸው። ምቱ በድንገት ከተለወጠ ይርበደበዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ በሽተኛ ሲሸኝ «አትሩጥ፣ አትናደድ፣ አትደንግጥ» ተብሎ ነው የሚሸኘው። ዘቢደር ጥፋቱን የምታላክከው በሐሩ ላይ ነበር። ክሩን ስንት ጊዜ ቀየረች፣ ስንት ጊዜ አቀጠነች፤ ለውጥ የለም።

በዚያን ዕለት ረፋዱ ላይ ደቻቱ መጣ።

ደቻቱ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ እየወጣ እንኳ፣ ጎርፉ እያገሳ ይወርዳል። ያን ዕለት የከተማው አዲሱ ግንብ አልመከተውም። ውሃው ከዚራ ገባና የማዕከሉን ምድር ቤት ሞላው።

መሪው ያለው ምድር ቤት ነበር።

መብራት አልጠፋም፤ ኃይሉ ከጣሪያ ፀሐይ ነው የሚመጣው። ዘቢደር መጀመሪያ ያስተዋለችው ዝምታውን ነው። ከጋኑ ሥር ሳያቋርጥ ይሰማ የነበረው ትንፋሽ መሰል ድምፅ ቀጥ አለ። እራፊዋ መምታቷን ባታቆምም ወተቱ አልተገፋላትም። ቀለሟ ከዳር መደብዘዝ ጀመረ።

«ታፈነች!» ብላ ዘቢደር ሮጠች።

በጋኑ ጎን የተንጠለጠለ የጎማ ኳስ አለ። ቱቦ ሲቀየር ለጥቂት ደቂቃ በእጅ እየተጨመቀ ወተቱን የሚገፋ ነው። ይዛው መጭመቅ ጀመረች። የደበዘዘው ዳር ቀስ ብሎ ቀላ።

ቶፊቅ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ከምድር ቤት ተመለሰ። «መሪው አልቆለታል ዘቢ። አዲስ አበባ ደውያለሁ፤ ተተኪ አላቸው። ግን የባቡር ድልድዩ ተዘግቷል፣ የአውሮፕላን ሜዳውም ደለል ሞልቶታል። ከነገ ወዲያ ብለውኛል።»

«ከነገ ወዲያ! እስከዚያ በእጅ?»

«ሌላ ምን አለን?»

«በእጅ አይሆንም» አለች ዘቢደር መጭመቋን ሳታቆም። «የሰው እጅ እኩል አይገፋም። አንዱን ጠንከር፣ አንዱን ላላ ያደርገዋል። ትበጠሳለች።»

«ብትበጠስም ባትበጠስም መጀመሪያ ትተንፍስ። ጋን በጠጠር ይደገፋል አይደል የሚባለው? በይ፣ ሲደክምሽ ለኔ ስጪኝ።»

ስክሪኑ ላይ የግፊቱ መስመር ይታያል። በመሪው ጊዜ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተስተካከለ ነበር። አሁን የዶሮ ጭረት መሰለ። ዘቢደር እያየችው አፈረች። ምቱን ለማስተካከል በአፏ እየቆጠረች ሞከረች፤ ክንዷ ሲዝል ቆጠራውም ተዛነፈ። ቶፊቅ ተቀበላት። ቶፊቅ ደግሞ ወሬ ካላወራ ሥራ አይሆንለትም፤ ሳቁ በመጣ ቁጥር ኳሱ ሁለት ጊዜ ይጨመቃል።

ከሰዓት በኋላ የኢፍቱ ባል ሙክታር በሩን ከፍቶ ገባ። የባቡር ሹፌር ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ወሬውን ከነርሶቹ ሰምቷል።

«ዶክተር፣ ስጡኝ» አለ እጁን ዘርግቶ።

«አቶ ሙክታር፣ ይህ ልምድ ይጠይቃል…»

«እናንተ ልምድ አላችሁ?»

 ማንም በእጁ ይህን ያህል ጊዜ አሳድጎ አያውቅም። ዘቢደር ኳሱን ሰጠችው።

ሙክታር በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሥጋ አየ። ለረጅም ጊዜ ጨመቀ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ያናግራት ጀመር። ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል፣ ስም እስካሁን ያልወጣለት እናቱን ሲጠብቅ መሆኑን ነገራት። ድምፁ ተሰበረ። እጁ ፈጠነ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ ይበሉ! ቀስ!» አለች ዘቢደር።

«እሺ… እሺ ዶክተር።» በክንዱ ፊቱን ጠረገና ቀጠለ።

የኢፍቱ እናት እማማ ሩቂያም መጡ። መቁጠሪያቸውን በግራ እጃቸው፣ ኳሱን በቀኛቸው ይዘው እንደ ጸሎታቸው በዝግታ ገፉ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ዶክተር ኪዳኔም ከሌላ በሽተኛ ቀዶ ጥገና ወጥቶ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ተራውን ያዘ። ነርሶች መጡ፤ ጎርፉን የሚጠርጉት ሠራተኞችም እጃቸውን ታጥበው መጡ። መሸ፣ ነጋ። እጅ በእጅ ተተካ እንጂ ኳሱ አላረፈም።

በማግስቱ ኢፍቱ በተሽከርካሪ ወንበር ወረደች። ማንም አልጠራትም፤ እምቢ ብላ ነው የመጣችው። ጋኑ ፊት ሲያቆሟት ትኩር ብላ አየች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ» አለች ዘቢደር።

«ታዲያ እንዴት ትንሽ ናት!» ፈገግ አለች። «ሰው ሁሉ ለሷ ሲደክም እኔ ተኝቼ? አምጡት።»

ሙክታር ዘቢደርን አየ። ዘቢደር ልትከለክል አፏን ከፈተች፤ የኢፍቱን ዓይን ስታይ ግን ዘጋችው። ኳሱን ጭኗ ላይ አኖሩላት። ኢፍቱ በሁለት እጇ ጨመቀች። ግፊቷ ከሁሉም የደከመ ነበር። መስመሩ ወረደ፤ አንዳንዴም ትንፋሿን ለመሰብሰብ ስታርፍ ጭራሹን ይጠፋ ነበር። የሙክታር እጅ ሊቀማት ተዘርግቶ ቆመ። እራፊዋም ደከመች፣ ቀስ አለች፣ ግን አልቆመችም። ኢፍቱ እንደገና ጨመቀች።

«ታውቀኛለች» አለች።

ተተኪው መሪ እንደተባለው ደረሰ። ቶፊቅ ሲገጥመው ሁሉም ክንዱን እያሸ ያየው ነበር። የቀረው ፈተናው ነው። እራፊ ልብ ላይ ከመሰፋቷ በፊት ግፊቱ ይጨመርባታል፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ ከዚያ እንደሚሮጥ፣ ከዚያም ክፉ ወሬ በድንገት እንደሰማ ሰው። የእስከዛሬዎቹ ሁሉ በመጨረሻው ላይ ይርበደበዱ ነበር። ይህችኛዋማ ከመጀመሪያውም አታልፍ ብላ ዘቢደር ከወዲሁ ለሙክታር የምትነግረውን ቃል ታዘጋጅ ነበር።

ቶፊቅ ቁልፉን ነካ። ደረጃውን አለፈች። ሩጫውንም አለፈች። ድንጋጤው ሲመጣ አንድ ጊዜ ሸምቀቅ አለች፤ ከዚያ ምቷን ያዘች።

«ድገመው» አለች ዘቢደር። ደገመው። ያው ነው።

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን?» አለች።

«አልተሳሳተም» አለ ዶክተር ኪዳኔ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብሎ። «እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም። ነገ እሰፋታለሁ።»

ዘቢደር ከዳሯ ቅንጣት ወስዳ በማጉያ መነጽር ተመለከተች። መሪው ያሳደጋቸው እራፊዎች ሕዋሳት እንደተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ ወገን የተኙ ነበሩ። የዚህችኛዋ ሕዋሳት ግን እንደ ሐረር ስፌት ተጠላልፈው፣ ተደራርበው፣ አንዱ ሌላውን ይዞታል። ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚመጣ ስለማያውቁ ለሁሉም ተዘጋጅተዋል። ጥፋቱ የሐሩ አልነበረም። እሷ ለእራፊዎቿ ፍጹም ሰላም ሰጥታ ስታሳድጋቸው ኖራለች፤ የሰው ልብ ግን ፍጹም ሰላም ውስጥ አይኖርም። ከመነጽሩ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ኢፍቱ ከቀዶ ጥገናው አገግማ ልትወጣ ስትል «ምን ምን ላድርግ? ምን ልተው?» ብላ ጠየቀች። ዘቢደር እንደ ልማዷ «አትሩጪ» ልትል ጀመረችና ተወችው።

«ልጅሽን ተሸከሚው» አለቻት። «ያን አድርጊ።»

ከዚያ በኋላ ዘቢደርና ቶፊቅ ሌላ መሪ ሠሩ። መጀመሪያ የተዛነፈ ምት በማሽን ፈጥረው ሞከሩ፤ መጠነኛ መሻሻል ታየ። በጣም የጠነከሩት እራፊዎች ግን በዚያ የጎርፍ ጊዜ ስክሪኑ መዝግቦት በቀረው የእጅ ምት የተለማመዱት ሆኑ። ለምን እንደሆነ አጠኑት፤ ከፊሉን ደረሱበት፣ ከፊሉን አልደረሱበትም። ስለዚህ ምዝገባውን እንዳለ ተጠቀሙበት። ሌሎች ከተሞችና ሌሎች አገሮችም ጠይቀው ወሰዱት።

ከዓመታት በኋላ ከኪጋሊ አንድ መሐንዲስ በስክሪን ደወለ። ንግግሩ ተተርጉሞ በአማርኛ ይሰማል፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ሥራችሁን እጅግ እናደንቃለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከምዝገባው መካከል የተበላሸ ቦታ አለ። ምቱ በጣም ይደክማል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። አንድ የሚንቀጠቀጥ ቦታም አለ። እነሱን አጽድተን ብንጠቀም ቅር ይልዎታል?»

«አትንኩት» አለች ዘቢደር። «የሚንቀጠቀጠው ባልየው ሲያለቅስ ነው። የሚደክመው ደግሞ የልቡ ባለቤት ራሷ ናት። ልትሞት ደርሳ ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥራት እያረፈች ነው የጨመቀችው።»

መሐንዲሱ ምዝገባውን ከፍቶ ያን ቦታ እንደገና አየው።

«አሁን ስንት ሰዎች ናቸው በዚህ ምት ያደገ ልብ ያላቸው?»

«እንጃ። እኔ ሳውቃቸው ጥቂት ነበሩ። አሁን ብዙ ናቸው።»

«እነሱ ያውቃሉ?»

«የት ያውቃሉ» አለች ዘቢደር። «ማንኛችንስ ማን አቅፎ እንዳሳደገን፣ ማን ሲያለቅስብን እንደነበር መች እናውቃለን?»

«እንግዲያው እንዳለ ይሁን» አለ መሐንዲሱ።

በዚያው ሳምንት ኪጋሊ ውስጥ በአንድ ጋን፣ የአንድ ሽማግሌ የንብ አርቢ እራፊ ልምምዷን ጀመረች። በዝግታው አለፈች፣ በሳቁ አለፈች፣ በልቅሶው ተንቀጠቀጠች። ወደ ደካማው ቦታ ስትደርስ እሷም ደከም አለች፤ መሐንዲሱ ትንፋሹን ይዞ ያያል። አረፈች። ከዚያ መምታቷን ቀጠለች።