የማንኩሳው ጉድጓድ ምስክር

ሜላት ባትሪ አምጥታ ስትመለስ፣ ዶክተር ቢሆነኝ ከውሃ ጉድጓዱ አፋፍ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። አፉ አረፋ ደፍቋል። ጠዋት አራት ሰዓት ነበር።

እስከ ቀትር ወሬው ማንኩሳን አዳረሰ፤ «ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡት ነፍስ ያለው ነገር ውሃውን መርዞ ገደለው!»

ነፍስ ያለው የተባለው፣ ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ ሜላትና ዶክተሩ፣ በጉድጓዱ ያንጠለጠሏት መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት። በውስጧ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የፀረ ተባይ መርዝ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ሳጥኗም ሰዓቱን መዝግባ ወደ ሜላት ስልክ ትልካለች።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሜላት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ድንጋይ የጨበጡ ሰዎች ይታያሉ።

«ውሃው ውስጥ መርዝ አለ?»

«አለ። ሳጥኗ አምስት ሰዓት ላይ መዝግባለች» አለች ሜላት።

«እንደገባ ወዲያው ትመዘግባለች?»

«የለም፤ ባክቴሪያዎቹ ቀምሰው እስኪታወኩ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።»

ሀብትነሽ ወደ ቀበሌው ዘበኛ ወደ ሰይፈ ዞረች። «ሬሳውን ማን አነሣ?»

«እኔና ሜላት፣ ከጎረቤት ጋራ። አራት ከሩብ ላይ በቃሬዛ ይዘን ወጣን፤ ጤና ጣቢያው የደረስነው አምስት ሰዓት ነው።»

«ጉድጓዱስ?»

«ፀረ ተባይ ነጋዴው ጋሽ እጅጉ፣ ‹ሰው እንዳይቀዳ እኔ እጠብቃለሁ› ብለው ብቻቸውን ቀሩ። እግዜር ይስጣቸው።»

ሀብትነሽ እጅጉን አስጠርታ ሦስቱን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

«ሟቹ የሞተው አራት ሰዓት ላይ ነው። መርዙ ጉድጓድ የገባው ግን ሳጥኗ አምስት ሰዓት ላይ ከመመዝገቧ አርባ ደቂቃ በፊት፣ አራት ከሃያ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው አልገደለውም። ሞቱን በሳጥኗ ሊያላክክ የፈለገ ሰው ኋላ ጨመረበት። ያን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል። እርስዎስ ጋሽ እጅጉ?»

«ሳጥኗ የመዘገበችው አምስት ሰዓት አይደል? አምስት ሰዓት ላይ እኔ ቡሬ መንገድ ላይ ነበርኩ!»

«ሳጥኗ ወዲያው የምትመዘግብ መስሎዎት ነበር፤ አርባውን ደቂቃ አላወቁም።» ወደ ሜላት ዞረች። «ቢሆነኝ ከእርሳቸው ጋር ምን ነበረው?»

«ትናንት ከሱቃቸው የወሰድነው የፀረ ተባይ መድኃኒት የተከለከለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሊያመለክት ነበር። ጠዋት ‹እንታረቅ› ብለው ጠርተውን ብርዝ ቀዱልን።»

«ለሁለታችሁም?»

«ለሁለታችንም። ዶክተር ጨጓራ ስላለበት አይጾምም፤ ጠጣ። እኔ ግን ዓርብ ስለሆነ…» የራሷ ብርጭቆ፣ ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ታያት።

እጅጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

«ጠጥተሽው ቢሆን ኖሮ» አላት በለሆሳስ፣ «ስለ ብርዙ የሚናገር ስለማይኖር ጉድጓዱን ባልነካሁት።»