የመንገደኛ እንስራ

መኳንንት የጀርባ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሁልጊዜም የሚጀምረው ከውሃው ነው። ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ክዳናቸው ያልተፈታ፤ ከዚያ ቆሎው፣ ከዚያ ጋቢው። ከደጋው ጫፍ ወርዶ፣ የተከዜን ቆላ አቋርጦ፣ ማዶ አስፋልቱ ድረስ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻውን ሊሄድ ነው። ያውም በሚያዝያ ሐሩር! በአንድ ቀን ከጨረሰው የአስጎብኚዎቹ ማኅበር መንገዱን ለቱሪስት ይከፍተዋል፣ እሱም ዋና መሪ ይሆናል። መንገዱ ወንዙን አይነካም፣ በመሃል ምንጭም የለም፤ ውሃው ያለቀበት ሰው ከዚያ ቆላ አይወጣም። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያሳደሩት እትዬ ይመኙ ለስንብት አንድ ጣሳ ጠላ ይዘው ወጡ። እንደ ደንቡ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡት።

«ምነው እትዬ፣ መርዝ አለው ብዬ የምጠረጥር መሰልኩዎት?» አለ እየሳቀ።

«ያልተቀመሰ አይጠጣም፣ አንተ! የሰው ሆድ ማን ያውቃል?»

እስከ ሦስት ሰዓት ሁሉም ደህና ነበር። ደጋው ከኋላው ከፍ እያለ፣ አየሩ እየወፈረ፣ ጠጠሩ ከጫማው ሥር ኩርሽም ኩርሽም እያለ ቁልቁል ወረደ። አንድ ቋጥኝ ሥር አረፍ ብሎ የመጀመሪያውን ሃይላንድ ሲያወጣ ግን ግማሹ የለም። ሻንጣውን በረበረ፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ክዳኑን ቢያየው የጥርስ ምልክት አለበት።

ክዳን በጥርሱ የሚፈታ ሰው የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጌጡ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚሁ ወር፣ ይህን መንገድ እንዲያጠኑ የተላኩት ሁለቱ ነበሩ። ቆላው መሃል ላይ ጌጡን ሐሩሩ ጣለው። የቀራቸው አንድ ሃይላንድ ነበር። መኳንንት ከእጁ ነጠቀውና «ሰው ይዤልህ እመጣለሁ» ብሎት ሄደ። ማምሻውን ሰው ያለበት ደረሰ። ግን ጌጡ ከተረፈ ውሃውን ማን እንደነጠቀው መናገሩ ነው! ስለዚህ ፈላጊዎቹን በሌላ አቅጣጫ ላካቸው። እንዲህም ያለ ጨካኝ አለ! አልቅሶም ቀበረው፤ ባዶ ሳጥን። የጌጡ ዘመዶች ማዶ ስለነበሩ ለቀብሩ አልደረሱም። ከዚያ ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ይባል የለ?

«ሐሩር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም» አለ ጮክ ብሎ፣ የቀረችውን ጨልጦ ተነሳ።

አምስት ሰዓት ላይ ዳማከሴ ሸተተው። አረንጓዴ ቅጠል በሌለበት፣ ግራሩ እንኳ አመድ በመሰለበት ሸለቆ፣ ትኩስ የታሸ ዳማከሴ! ጌጡ ራሱን ባመመው ቁጥር አፍንጫው ውስጥ የሚወትፈው እሱን ነበር። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ልክ ከማጅራቱ ሥር፣ የተጠማ ጉሮሮ ሲውጥ የሚሰማው ጉጥ፣ ጉጥ። ዞሮ አላየም። ሻንጣውን አውርዶ ሲከፍት ሁለተኛው ሃይላንድ ባዶ ነበር።

«ጌጡ... ተው» አለ። ድምፁ ከራሱ አፍ የወጣ አልመሰለውም።

ሦስተኛውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ሮጠ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ጠጠሩ እያንሸራተተው፣ ሽታው ትከሻው ላይ እንደ ተቀመጠ። ክዳኑን በመዳፉ ጨብጧል። ቢሆንም ጉጥ ባለ ቁጥር ክንዱ ላይ ይቀልለው ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ያቀፈው ባዶ ፕላስቲክ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ አንዴ በእግሩ አንዴ በእጁ እየሄደ፣ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ጋ ደረሰ። ጥላው ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው አንድ እንስራ፣ በግራቸው አንድ እንስራ። ሰው! የሚተነፍስ ሰው! ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ና ልጄ፣ ጠጣ» አሉት። «ለሞተ ልጄ ነፍስ ብዬ ነው ለመንገደኛ የምቀዳው።»

ከግራው እንስራ በቅል ቀዱ። ቅሉን ከእጃቸው ነጥቆ፣ ሳይተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠው። ውሃው ትንሽ መረር ይላል። ቢሆንስ! የዳማከሴው ሽታ ጠፍቷል፣ ጉጥ ጉጥ የሚለውም ዝም ብሏል። ተረፍኩ አለ በሆዱ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ።»

«መኳንንት ነህ አይደል?»

ስሙን አልነገራቸውም። «ማን... ማን ነገረዎት?»

«ጌጡ ነዋ። ሦስት ዓመት ሙሉ በህልሜ እየመጣ ‹እማ ጠማኝ› ይለኝ ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ ሸለብ ቢያደርገኝ ግን ‹ጠጥቼ ረካሁ፤ አሁን እሱን ወዳንቺ እያመጣሁልሽ ነው› አለኝ።»

ሊነሳ ሞከረ። እግሮቹ አልታዘዙትም። ከንፈሩ ደነዘዘ፣ ድንዛዜው ወደ ጉሮሮው ወረደ። በዚያ መሃል አንድ ባለ አህያ ከማዶ መጥቶ ጥላው ዳር ቆመ።

«ምን ሆኖ ነው እማማ ይሄ ሰውዬ?»

«ሐሩሩ ጥሎት ነው። አንተ መንገድህን ቀጥል፤ እኔ ሰው ይዤለት እመጣለሁ» አሉ አሮጊቷ።

ከዚያም ከቀኙ እንስራ በሌላ ቅል ቀዱ፣ እንደ ደንቡ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ለባለ አህያው ሰጡት።