ወንዙን ያዞረው ችካል

ጠጋ በሉ። ውጭው ጨለማ ነው፤ ግን ዛሬ ጨለማውን አትፍሩት። ይህ ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። በቀትር! ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፣ ከብቱ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሲያመሰኳ፣ ውሻ እንኳ መጮህ ሲሰለቸው፤ ያን ጊዜ ውኃ ዳር ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም።

አንድ ሰው ግን ይሄድ ነበር። ስንሻው ይባላል። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት፣ በደንገሉ መካከል በሚወስደው ቀጭን መንገድ፣ ብቻውን፣ እየተገላመጠ ይሄድ ነበር። ለምን ይገላመጣል? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ወንዝ ታውቃላችሁ አይደል? ሲሮጥ ይሸከማል፤ ሲደክመው ያራግፋል። ከደጋው የሰው አፈር ጠርጎ ይመጣል። ሐይቁ ደረቱን ሰጥቶ ሲያቆመው ይዝላል። መጀመሪያ አሸዋውን ይጥላል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ እንደ ቅቤ የላመውን ደለል ይጥላል። ሐይቁ ሲሸሽ ያ ደለል መሬት ይሆናል። ሽንብራ ብትዘራበት ያለ ዝናብ ይበቅላል። ታዲያ በዚያ አገር ሕጉ አንድ ነበር፤ ድንበር ወንዙ ነው። ወዲህ የጣለው ያንተ፣ ወዲያ የጣለው የማዶው ሰው። ወንዙ ክፋት አለው? የለውም። ክፋት ከሰው ነው።

ስንሻው ምን አደረገ? በክረምት መግቢያ፣ ውኃው ሳይሞላ፣ በራሱ ዳር ችካል ቸከለ። በችካሉ መካከል ቅርንጫፍ ጎነጎነ። ጎርፉ መጥቶ ሸፈነው። ማን ያየዋል? ማንም። ከችካሉ ጀርባ ውኃው ዛለ፤ ዝሎ ደለሉን ጣለ። የቀረ ጉልበቱን ይዞ ደግሞ ወደ ማዶ ዞረ። ማዶ የይርሳው ማሳ ነበር። ወንዙ ዳሩን ከሥር ከሥር በላው።

ይርሳው ለአገር ሽማግሌዎች ጮኸ። «አባቶቼ፣ ይህ ወንዝ በራሱ አልዞረም!» አለ። ሽማግሌዎቹ ከወንዙ በላይ ካለው ዋርካቸው ጥላ አልተነሡም። ውኃ ዳር ወርዶ ማየት ለእነሱ ድካም ነው። «ወንዝ የፈረደውን እኛ አንሽርም፤ ይልቅ ጠላህን ጠጥተህ ግባ» አሉት። ተሳሳቁም። የተበደለ ሰው ሲሳቅበት አይታችኋል? ከመሬቱ ይልቅ ሳቁ ይቆጠቁጣል።

በዚያው ክረምት ዳሩ ተንዶ ይርሳውን ይዞት ወረደ። ሬሳው አልተገኘም።

ሚያዝያ ገባ። ወንዙ ከሳ። የይርሳው ሚስት ውባለም ሽማግሌዎቹን ለምና ለምና «ነገ ወርደን እናያለን» አሰኘቻቸው። ውኃው ጎድሏል፤ የችካሉ ጫፍ ብቅ ሊል ምንም አልቀረው። ችካሉ ከታየ የስንሻው አዲስ መሬት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ነው በቀትር የሄደው። ሊነቅል።

ገባ። ውኃው እስከ ጉልበቱ ነው። አንዱን ነቀለ። ሌላውን ነቀለ። ዞር ሲል፣ በደረቁ ደለል ላይ ከራሱ ኮቴ ጎን ሌላ ኮቴ አየ። እርጥብ ነው። ከመንገዱ አልመጣም፤ ከውኃው ወጥቶ ወደ ውኃው ተመልሷል።

«ማነው?» አለ።



የሚቀጥለውን ችካል ያዘ። ሳበው፤ እምቢ። ሳበው፤ እምቢ። ከዚያ ድንገት ላላለት፤ አንድ ሰው ከሥር የገፋለት ይመስል።

«አያ ስንሻው፣ በርታ እንጂ» አለ አንድ ድምፅ። ከደንገሉ ነው? ከውኃው ነው? «ስትቸክል ብቻህን፣ ስትነቅል ብቻህን። ጎረቤት የለህም እንዴ?»

መሮጥ ነበረበት። አንድ ችካል ግን ቀርቷል። አንድ ብቻ! እጁን ደለሉ ውስጥ ከተተና ጨበጠው። እንጨት አልነበረም። ጣት ነበረው።

እሱም መልሶ ጨበጠው!

የይርሳው ፊት ከውኃው ተነሣ፤ ዓይኑ ደለል፣ አፉ ደለል። «መሬቱን አልፈልግም» አለ። «እነዚያ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ይሰሙሃል። ወንዙን ማን እንዳዞረው ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገራቸውና ልልቀቅህ።»

ስንሻው እስከ ወገቡ ሰምጧል። አንዲት ቃል ናት። ነፍሱን ታተርፋለች፤ መሬቱን ታስወስዳለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሱ ዋርካውን አየ። ያንን ጥቁር፣ ወፍራም፣ አዲስ መሬት አየ።

«ወንዙ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ራሱ ወንዙ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ሰሙት። «ምን ሆኗል ይሄ ሰው?» አለ አንዱ። «ከውኃ ጋር ይሟገታል» አለ ሌላው። ሳቁ። አልተነሡም።

በማግሥቱ ወረዱ። ስንሻው ከወንዙ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደለል እስከ አገጩ ውጦታል፤ አፉ እንደ ተከፈተ ነው። ውኃው እሱ ዘንድ ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ ከጀርባውም ደለል መቆለል ጀምሯል። በገመድ አስረው ሳቡት። ከታች ደግሞ ሌላ ሳበው። ገመዱን ጥለው ሮጡ።

ውባለም መሬቷን አገኘች? አላገኘችም። «ችካል አላየንም፤ ያየነው ሰው ነው» አሉ።

ስንሻው ዛሬም ቆሟል። ጅረቱም ዞሯል። ወዴት መሰላችሁ? ወደ ዋርካው። የዋርካውን ሥር ቀን በቀን እየበላ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ለማን አቤት ይበሉ?

እንግዲህ በቀትር ውኃ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ። የበደላችሁት ሰው ካለ ግን፣ ከሰው ጋርም አትሂዱ።