ስሟን የበላው ሰንጠረዥ

«ስሜ የት ሄደ?»

እናቷ ስልኩን ዘረጋችላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው።

ልጅቷ ያለችበት የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ የሠራውን የኢንተርኔት ሱቅ ለመሞከር እናቷ ትናንት ቀሚስ አዝዛ ነበር። ስሟን ማንም ሳያግዛት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ራሷ ነበር የጻፈችው። መጻፍ ከተማረች ገና ዓመት አልሞላትም። አሁን ግን ከቀሚሱ ጎን የሚታየው የጎረቤታቸው ስም ነው።

«ጎረቤታችን በዚሁ ስልክ ጫማ ስታዝ ምን ነክታብኝ ይሆን?»

«እሷ ምንም አልነካችም፣ እማ።»

«እንግዲያው እኔው ነኛ ያበላሸሁት» አለች እናቷ፤ ስልኩንም እንደሚፋጅ ነገር ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ልጅቷ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ የደንበኞችን ሰንጠረዥ ስትከፍት ደሟ ፈላ። ሰንጠረዡን የሠራችው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት። ችኩል ስለሆነች «ቱርቦ» ይሏታል። ቱርቦ ደንበኞች እንዲለዩበት የመረጠችው ስልክ ቁጥራቸውን ነው። በዚያው ቁጥር ሌላ ሰው ሲመዘገብ አዲሱ ስም የፊተኛውን ይደመስሰዋል።

«አንድ ስልክ ለሁለት ቤት የሚሆንበት ሰፈር አለ እኮ!» አለች ልጅቷ አጠገቧ ወደቆመችው ቱርቦ ዞራ።

«ኧረ አታካብጂ! የራሱ ስልክ የሌለው ሰው ኢንተርኔት ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«እናቴ መጥታለች። ስሟን ራሷ ነው የጻፈችው።»

«በቃ ደግማ ትጻፋ!» ቱርቦ ሳቀች። «ነገ ለአስተማሪዎቹ እናቀርባለን። ይቺን ማን ያያታል?»

ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች። ቱርቦ ስትስቅ አብራ መሳቅ ልማዷ ነበር። ዛሬ ግን ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መለያ ቁጥር እንስጠው» አለች ድምጿን ለመግታት እየታገለች። «ስልኩ ከሰንጠረዡ ዓምዶች አንዱ ብቻ ይሁን፤ አሥር ሰውም ይጋራው። በትዕዛዞቹ ሰንጠረዥ ውስጥም የምናስገባው ያንን መለያ እንጂ ስልኩን አይደለም።»

«ሁሉንም እንደ አዲስ? አብደሻል እንዴ? ከነካሽው እኔ የለሁበትም!»

«አትኑሪበታ!»

ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች፤ አሮጌውን ሰንጠረዥ አጠፋችው።

ቱርቦ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በሩን ደርግማ ወጣች። ልጅቷ ግን አዲሱን ሰንጠረዥ ልትሠራ ቀረች።