የፊዳልጋ እንቅልፍ

የእንስሳት ሐኪሟ ኢሪያ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችው። በየቁራሹ ውስጥ የሚያስተኛ መድኃኒት ደብቃ የበለስ ማርማላታ ቀባችበት።

«አሳማዋ አንደኛውን አሁን ትበላለች። ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ እኔ ካላልኩ አይነካም።»

«እሺ ዶክተር» አለ አንሴልሙ።

«ኢሪያ በለኝ አላልኩህም?»

ፊዳልጋ የአንሴልሙ እናት የእትዬ ፌሊስሚና አሳማ ናት። የኋላ ሰኮናዋ ውስጥ ሽቦ ገብቶ እያነከሰች ሰንብታለች። ሰው ሊይዛት ሲል በርግጋ ትሮጣለች፤ እንዲህ የወፈረች አሳማ ደግሞ በድንጋጤ ብቻ ልቧ ቀጥ ሊል ስለሚችል በመርፌ ማስተኛት አልተሞከረም።

ባለፈው ወር የጎረቤት አሳማ በሌላ ሐኪም መድኃኒት ተኝታ በዚያው ቀርታለች። ፊዳልጋም ከሞተች ለአዲሷ ሐኪም በሩን የሚከፍት ሰው አይኖርም፤ ሻንጣዋን አንስታ መሄድ ነው። ኢሪያም አንሴልሙም ያውቁታል።

እትዬ ፌሊስሚና ወገባቸውን ይዘው ቁራሹን አዩት። «ይቺ ለዶሮ ናት?»

«በክብደቷ ልክ ነው እማማ።»

«ስንት ሳምንት የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ስትለቅም የከረመች አሳማ እኮ ናት! የፋብሪካ አሳማ መሰለችሽ? ይቺ ቁራሽ ጥርሷ ሥር ትቀራለች።»

«ይበቃታል። ግን ጸጥታ ይፈልጋል። ድምፅ ከሰማች ከእንቅልፉ ጋር ትታገላለች። ከአሁን ጀምሮ ማንም እንዳያወራ።»

ፊዳልጋ ዳቦዋን ዋጠች። ሁለቱ ወጣቶች ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ጊዜው አልገፋ አለ። አሳማዋ ጆሮዋን ታራግባለች፤ ፍሬ ፍለጋ አፈሩን ትምሳለች። ኢሪያ ዓይኗን ከሰዓቷ ላይ አልነቀለችም። አንሴልሙ ግን አውራ ጣቷን ስትነክስ፣ የካፖርቷ እጅጌ የእሱን ሲነካ ነበር የሚያየው። ሊነግራት ሲፈልግ የከረመው ነገር፣ እንዳይናገር በታዘዘበት ሰዓት ቃል በቃል መጣለት።

እናቱን ያያቸው ያን ጊዜ ነው። ከበረቱ ማዶ ጎንበስ ብለው በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደዱ። የያዙትን ሁለተኛውን ቁራሽ ፊዳልጋ ከእጃቸው ላይ ጎረሰችው።

አፉን ከፈተ። ኢሪያ ዘወር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ፈገግ አለችለት። እንደዚያ አይታው አታውቅም።

ትንሽ ቆይቼ እነግራታለሁ፣ አለ በልቡ። አፉን ገጠመ።

ፊዳልጋ ተንገዳገደች፤ ተንበረከከች፤ ተኛች።

ኢሪያ ገብታ ሽቦውን ነቀለች፤ ቁስሉን አጠበች። አሳማዋ አልተንፈራገጠችም። ኢሪያ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ትንፋሿ ጠፋ እኮ! በዚያች ቁራሽ እንዲህ አትሆንም። ልቧ ታሞ ይሆን? ልቧ ከሆነ የመድኃኒቱ ማርከሻ ራሱ ስለሚገድላት መውጋት አልችልም።»

የአሳማዋ ደረት ከፍ ይላል፤ ይቆማል። እንደገና እስኪነሳ የሦስቱም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። እትዬ ፌሊስሚና ልጃቸውን እንዳይናገር በዓይናቸው ለመኑት።

«ሁለተኛውን ዳቦ በልታለች» አለ አንሴልሙ። «አይቻለሁ።»

ኢሪያ ወደ ሻንጣዋ ተንደረደረች። ማርከሻውን በመርፌ ስባ ወጋቻት።

«በደረቷ አስተኟት! አፏ ወደ ታች ይሁን፤ ምራቋ እንዳያንቃት። የሚለበስ ነገር አምጡ፤ እየቀዘቀዘች ነው!»

አንሴልሙ ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና ጭንቅላቷን ደግፎ ያዘ። እናቱ «ገደልኳት፤ በገዛ እጄ ገደልኳት» እያሉ እግሯን ያሻሉ።

የዛፉ ጥላ ረዝሞ አጥሩን እስኪያልፍ ማንም አልተነሳም። ከዚያ አንድ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። አጉረመረመች፤ አንሴልሙን ገፍትራ በፊት እግሮቿ ቆመች።

እትዬ ፌሊስሚና የኢሪያን ግንባር ሳሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለጎረቤቱም የምነግረው እኔው ነኝ» ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ውኃ ሊቀዱ ሄዱ።

«አይተህ ዝም አልክ?» አለች ኢሪያ።

«አዎ።»

«ልትሞት ነበር እኮ! ለምን?»

አንሴልሙ መሬት መሬት አየ። «ካወራሁ ከጎኔ ትነሻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ኢሪያ ቀና ብላ አየችው። ቁጣዋ ከፊቷ አልጠፋም፤ ጉንጯ ግን ቀላ።

«ጅል!» አለችው። «ፊዳልጋ እስክትበላ ድረስ ልጠብቃት ነው። አንተም ትቀመጣለህ።»

«ዝም ብዬ?»

«አይ» አለች ከጎኑ እየተቀመጠች። «እያወራህ። የቀረ ነገር እንዳይኖር።»

አንሴልሙ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።