አራተኛው ብርጭቆ

ይህ የሆነው በራሴ ቤት ነው። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ከተማ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ነበር። ጎረቤቴ በለጡ አጥሩ ላይ ልብስ ስታሰጣ ይሰማኛል።

ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምንም ነበር። ግን በገዛ ምላሴ የቀመስኩትን እንዴት ልካደው?

ጽጌሬዳ እባላለሁ። ባለቤቴ እንደሻው ባለፈው መጋቢት ሞተ። ጥቁሬን እስከ ዛሬ አላወለቅሁም።

እንደሻው አስጎብኚ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የስኮትላንድ ሽማግሌን ጁገልን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስጎበኛቸው ሰንብቶ፣ ሲሄዱ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ሰጡት። ሲንግል ሞልት ይባላል አሉት። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣ፣ ከሌላ ፋብሪካ ውስኪ ጋር ያልተቀላቀለ።

«ብቅል?» ብዬ ሳቅሁበት። «እናቴም ለጠላ ታበቅላለች።»

«የእናትሽ ጠላ አሥራ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝቶ ያውቃል?»

«እናቴ ቤት አሥራ ሁለት ቀን ያደረ ጠላም የለም» አልኩት።

እንዲህ እየተሳሳቅን ጀመርነው። ከዚያ በኋላ ጓደኛው ዘውዴ በግሮሰሪው በኩል ያስመጣለት ነበር። ቡፌያችን ውስጥ ሦስት ጠርሙስ አይጠፋም። ግሌንፊዲች፣ ግሌንሞራንጂ፣ ማካላን።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታ አለን። እኔ ዓይኔን በሻሼ እታሰራለሁ። እሱ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይቀዳና አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጎ ፊቴ ይደረድራቸዋል። እኔ አሽትቼ፣ ቀምሼ፣ የቱ የቱ እንደሆነ እናገራለሁ።

ቀጂው አይናገርም። ድምፅ ያሳብቃል ይል ነበር እንደሻው። በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ያንኳኳል እንጂ።

አንድ ጊዜ... ጠጪ።

ሁለት ጊዜ... ልክ ነሽ።

ሦስት ጊዜ... ተሳስተሻል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ የሰማሁት ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ግሌንፊዲች አዲስ የተቆረጠ ፖም ነው፣ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይሄዳል። ግሌንሞራንጂ ማርና ኮክ ነው። ማካላን ግን ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ... ከዋጡት በኋላ እንኳ አፍ ውስጥ ተቀምጦ ወሬውን የማይጨርስ እንግዳ ነው።

በዐቢይ ጾም ጨዋታ የለም። ከቅበላ እስከ ፋሲካ ቡፌው ይቆለፋል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እንደሻው የሞተው በዚያ ጾም፣ እሑድ ቀን ነው። ቱሪስት ይዤ ድሬዳዋ እወርዳለሁ ብሎኝ ወጣ። ሊመሻሽ ሲል ዘውዴ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ ልቡ ቆመ አለኝ።

በቃ። ይኼው ነው የተነገረኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቡፌውን ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሑድ ሲመጣ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ከሦስት ብርጭቆ ሥር ስማቸውን ጽፌ ለጠፍኩ፣ ቀዳሁ፣ ዓይኔን አሰርኩ፣ የቱ የት እንዳለ እስኪጠፋኝ አዘዋወርኳቸው።

«ማካላን» አልኩ።

ዝም።

አለቀስኩና ወረቀቱን አየሁ። ማካላን ነበር።

በአራተኛው እሑድ...

«ግሌንሞራንጂ» አልኩ።

ኳ... ኳ።

ልክ ነሽ።

አልፈራሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንደሻው አልተወኝም አልኩ። ሻሼ በእንባዬ ራሰ።

ዓይኔን ስፈታ ማንም የለም። ዓይኔን ካላሰርኩ አያንኳኳም። ካልቀዳሁም አይመጣም። ሁለቱንም ሞክሬ አውቄዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ክረምቱን ከረምኩ። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩ። እሑድን ብቻ እጠብቅ ነበር።

ግን አንዳንድ ነገር ልክ አልነበረም።

ኳኳታው መጀመሪያ የሚሰማኝ ከጠረጴዛው ጫፍ ነበር። ሐምሌ ላይ ከመሃል መጣ። ጳጉሜን ላይ ከእጄ አጠገብ...

ውስኪው ደግሞ ሳልቀምሰው ይጎድላል። ወደ አፌ ሳስጠጋ የብርጭቆው ከንፈር እርጥብ ነው።

የጥቅምት ሁለተኛው እሑድ መጣ።

ሦስቱንም ቀመስኩ። ሦስቱንም አገኘሁ። ሻሼን ልፈታ እጄን ሳነሳ...

ኳ።

አንድ ጊዜ።

ጠጪ።

እጄን ዘረጋሁ። ባዶ ብርጭቆ... ባዶ ብርጭቆ... ባዶ ብርጭቆ...

ከዚያ አራተኛ።

እኔ ያወጣሁት ሦስት ነው።

ሰው በመዳፉ ይዞት እንደቆየ ሞቅ ብሏል። አሸተትኩት። ውሃ የተደፋበት እሳት። ጨው። ቁስል የሚጠረግበት አዮዲን።

ቀመስኩት። ጭሱ በአፍንጫዬ ወጣ።

«ይሄን አላውቀውም» አልኩ በሹክሹክታ።

ኳ... ኳ... ኳ።

«አላውቀውም እንደሻው... ቀምሼው አላውቅም።»

ኳ... ኳ... ኳ።

ከጆሮዬ ሥር ነበር። እዚያ ደግሞ ጠረጴዛ የለም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሬሳውን ስሰናበት ጢሙን ስሜዋለሁ። ይሄ ሽታ ነበረው። የሆስፒታል መድኃኒት መስሎኝ ነበር። አፍንጫዋን የማታምን ሴት አይደለሁም... ያን ቀን ግን አፍንጫዬ የነገረኝን ለሆስፒታሉ ሰጠሁት።

ሻሼን መንጭቄ ጣልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ብቻ። ምላሴ ላይ ግን ጭሱ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ዘውዴ ግሮሰሪ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ጭስ፣ ጨውና አዮዲን የሚሸት ውስኪ አለህ ወይ አልኩት።

«አቦ ጽጌ፣ እሱ እናንተ ቤት አይገባም እኮ» አለና... ምላሱን ነከሰ።

«የማን ቤት ነው የሚገባው?»

ከኋላ መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረደ። ላፍሮይግ ይላል። ከአንድ ደሴት የሚመጣ፣ ብቅሉን ከረግረግ በተቆፈረ አፈር ጭስ የሚያደርቁት ነው አለኝ። ትንሽ ቀዳልኝ። ከንፈሬን ሳላስነካው አወቅሁት።

«እንደሻው አራት ጠርሙስ ነበር የሚወስደው» አለ ዘውዴ። «ሦስቱን ለቤት።»

«አራተኛውንስ?»

የደረቀውን ባንኮኒ ደጋግሞ መወልወል ጀመረ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። እንደሻው እንግዶቹን የሚያሳርፍበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነች ልደት የምትባል ሴት አለች። ቤቷ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ በኩል ነው። ሦስት ዓመት። እዚያም እሑድ፣ እዚያም ዓይን አስሮ፣ እዚያም እያንኳኳ። ከእኔ ቤት ሲወጣ እዚያ።

ጾም ሲገባ ደግሞ... እዚያ ቡፌ የሚቆልፍ የለም።

ሚኒባስ የለም። ድሬዳዋ የለም። ልቡ የቆመው ልደት ወንበር ላይ ነው። ዘውዴ መኪና ይዞ ሄዶ ሁለቱ ተሸክመው አወጡት።

«አንቺን ብለን ነው ጽጌ። ክብርሽን ብለን።»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«የማያውቀውን ብትጠይቂኝ ይቀላል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ልደትን አውቃታለሁ። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ማድቤት ገብታ ሲኒ ያጠበችልኝ ሴት ናት። እትዬ ጽጌ እያለች አቅፋኝ ያለቀሰችው። እንባዋን በነጠላዬ የጠረግሁላት። የሥራ ባልደረባው ናት ሲሉኝ እንዴት ያለች ደግ ልጅ ብዬ ነበር።

ጠርሙሱን ገዝቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ብቻ አወጣሁ። ከላፍሮይጉ ሞላሁት። ዓይኔን አሰርኩ።

ብዙ አልቆየም። ጭሱ መጣ።

«ልጠይቅህ ነው» አልኩት። «እንደ ጨዋታችን መልስልኝ። የሞትከው እሷ ቤት ነው?»

ኳ... ኳ።

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ስትመላለስ የከረምከው?»

ዝም አለ። አዎ እንዲለኝ ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ ቢያንኳኳልኝ ሁሉንም ልተውለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ኳ... ኳ... ኳ።

«እኔን ናፍቀህ ነው?»

ኳ... ኳ... ኳ።

«እሷን ነው የምትፈልገው?»

ኳ ኳ።

ፈጠን ያለ ነበር።

«ለምን ራስህ አትሄድም ታዲያ... ስለማትቀዳልህ ነው?»

ኳ ኳ።

«እኔ እንድወስድህ?»

ኳ ኳ። ኳ ኳ። ኳ ኳ።

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ስድስት ወር እሑድ እሑድ የቀዳሁለት ለዚህ ነበር። በሕይወቱ በእኔ ቤት በኩል አድርጎ ወደ እሷ ይሄድ ነበር። ሞቶም በእኔ በኩል አድርጎ ሊሄድ ነው።

«እሺ» አልኩት። «አደርስሃለሁ።»

ጠርሙሱን በቡሹ ዘግቼ፣ ባዶ ሆኖ ያገኘሁትን ብርጭቆ በሻሼ ጠቅልዬ ወጣሁ። ደጅ ላይ ያገኘሁት ባጃጅ የሙክታር ነው፣ የሰፈራችን ልጅ። ሐኪም ጋራ አልኩት። ትንሽ እንደሄድን ፍጥነቱን ቀነሰና አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳ።

«እናቴ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸትዎታል? ወላሂ ሞተሬ መሰለኝ።»

«ሞተርህ አይደለም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ወደ ኋላ አላየም። እኔም ከጎኔ ወዳለው ባዶ ቦታ አላየሁም። ዳገቱን ስንወጣ ግን ባጃጁ ወደዚያ ጎን ያዘነብል ነበር።

ልደት በሩን ከፈተች። ከስታለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን።

«እትዬ ጽጌ... እሱን ቤቴ አያስገቡብኝ።»

ጠርሙሱን ነው ያለችው ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም።

ገፍቼያት ገባሁ። መሬት ላይ ወድቃ እግሬን ያዘች።

«ያን ቀን በቃኝ ብዬው ነበር» አለች። «ጾም ነው፣ ወደ ሚስትህ ሂድ አልኩት። ተቆጣ። እንደተቆጣ ነው የሞተው... ዓይኑን ለመክደን ሦስት ጊዜ ነው የሞከርኩት።»

«ሲኒዬን ስታጥቢ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት?»

ጠርሙሱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ከዚያ ወዲህ በቤቴ አንድ ጠብታ አልገባም» አለች። «ከሌለ አይመጣም ብዬ። እባክዎ... እርስዎን ምንም አያደርግዎትም። እኔን ግን...»

በዚያች ደቂቃ ጠርሙሱን ይዤ መመለስ እችል ነበር። እጆቿ እግሬ ላይ እንደተጣበቁ ነበሩ። እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ።

ግን እንባዋን የጠረግሁበት ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ብርጭቆውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። እስከ አፉ ሞላሁት። ከዚያ በጣቴ አንጓ፣ በራሴ እጅ...

ኳ።

አንድ ጊዜ።

ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። አልጮኸችም። ብትጮህ እመለስ ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ሙክታር ሞተሩን አስነሳ። ተቀምጬ ወደ ቤቱ ዞርኩ። ሙክታርም እያየ ነበር።

«እናቴ... ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?»

«ውሃ እየጠጣች ነው። ሂድ።»

አልሄደም። አፉን ከፍቶ መስኮቱን ያያል።

ልደት ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። ሁለት መዳፎቿ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፣ አፏ ተከፍቷል። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል... ከፍ ዝቅ... ከፍ ዝቅ... ወርቅማ ነገር በአገጯ ላይ ይወርዳል።

በእጇ ብርጭቆ የለም። አጠገቧም ማንም የለም።

እሷ ግን መዋጧን አላቆመችም።